ከፈንጣጣ ዘመቻ እስከ አንትራክስ ፖስታ፦ የዶክተር ሄንደርሰን የስራ ዘመን እንደ አንድ የጉዳይ ጥናት

እኛ ሀገር ስለ ድንገተኛ የጤና አደጋ ዝግጁነት ስብሰባ ሲጠራ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ዕቃ ነው የሚሄደው፣ ስንት አምቡላንስ አለ፣ ስንት ቬንትሌተር ተገዛ፣ መጋዘን ውስጥ ምን ያህል ጓንትና ኪት ቀርቷል ምናምን። ዕቃ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ግን እኔ በሰርቬይላንስ (በበሽታ ቅኝት) ስራ ውስጥ ስላለሁ ሁሌ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው፦ ዳር ወረዳ ላይ አንድ እንግዳ በሽታ ቢነሳ መጀመሪያ ያየው ሰው ለማን ይናገራል፣ የሚነገረውስ ሰው ስልኩን ያነሳል ወይ፣ ካነሳ በኋላ ደግሞ በስንት ሰዓት ነው ቲም እዛ የሚደርሰው? ይሄን ጥያቄ በንግግር ሳይሆን በስራ የመለሱ ሐኪም ጥሩ ብባል አሜሪካዊውን ዶክተር ዶናልድ ሄንደርሰንን ነው የምጠራው፣ ለዚህም የሳቸውን የስራ ዘመን እንደ አንድ ጉዳይ ይዤ ላፍታታው ፈለግኩ፣ ከታሪኩ ትልቁ ክፍል ደግሞ የተሰራው እዚሁ እኛ ሀገር ነው። ዓመተ ምህረቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ሄንደርሰን በ1928 ኦሃዮ ውስጥ ሌክውድ በምትባል ከተማ ተወለዱ፣ በ1954 ከሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ያኔ አሜሪካ ሐኪሞችንም ለውትድርና ትመለምል ስለነበር ግዳጃቸውን በሲዲሲ (በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም) በኩል ለመወጣት በ1955 ገቡ። የገቡበት ክፍል ኤፒዴሚክ ኢንተለጀንስ ሰርቪስ ይባላል፣ በ1951 አሌክሳንደር ላንግሚር የሚባሉ ኤፒዲሚዮሎጂስት (የበሽታን ስርጭት የሚያጠና ባለሙያ) ያቋቋሙት ነው። ጊዜው የኮሪያ ጦርነት ነው፣ ጠላት በጀርም ያጠቃናል የሚል ስጋት ነበር፣ ክፍሉም የተቋቋመው በዚሁ ስጋት ምክንያት ነው። ላንግሚር ግን ወጣቶቹን ሐኪሞች የጀርም ጥቃት እስኪመጣ ቢሮ አላስቀመጧቸውም፣ ፖሊዮ ሲነሳ ሂዱ፣ የሰርግ ምግብ ሰው ሲመርዝ ሂዱ፣ ኢንፍሉዌንዛ ሲበረታ ሂዱ ይሏቸዋል፣ እነሱም ቤት ለቤት ዞረው ማን ታመመ፣ መቼ ጀመረው፣ የት ነበር፣ ምን በላ ብለው ቆጥረው ይመለሳሉ። እኔ ከጠቅላላው ታሪክ በጣም የምወደው ይሄን ሐሳብ ነው፣ ለማይታወቀው አደጋ የሚዘጋጅ ሰው የሚታወቀውን በሽታ በየቀኑ እያሳደደ ነው እጁ የሚፈታው። እኛም ሀገር በ2009 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂ ስልጠና የዚሁ የላንግሚር ትምህርት ቤት ልጅ ነው።

ሄንደርሰን እዛ ቶሎ አደጉ፣ በስድሳዎቹ መጀመሪያ የሲዲሲ የቫይረስ በሽታዎች ሰርቬይላንስ ኃላፊ ሆኑ፣ ከዛ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ፈንጣጣን ለማጥፋትና ኩፍኝን ለመቆጣጠር የተነደፈውን ፕሮግራም አዘጋጁ። በ1966 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት የተጠናከረ ዘመቻ ይጀመር ብሎ ወሰነ፣ ውሳኔው ያለፈው በ2 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው፣ በጀቱም ለመላው ዓለም በዓመት 2.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የወቅቱ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ራሳቸው ይሳካል ብለው አያምኑም ነበር፣ ሲከሽፍ ተጠያቂዋ አሜሪካ እንድትሆን ኃላፊው አሜሪካዊ ይሁን አሉ፣ ዕጣው የደረሰው ለ38 ዓመቱ ሄንደርሰን ነው። በግምት በዚያን ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን ሰው በፈንጣጣ ይያዝ ነበር፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚሆነው ይሞታል፣ የተረፈውም ፊቱ ተበሳስቶ ወይ ዓይኑ ጠፍቶ ነው የሚቀረው።

የመጀመሪያው ዕቅድ ያው የለመድነው ዓይነት ነው፣ ከሕዝቡ 80 በመቶውን ክተቡ የሚል። ችግሩ 80 በመቶ ተከትቦም በሽታው በቀረው 20 በመቶ ውስጥ እየተሳበ ይቀጥላል። መፍትሔው የመጣው ከምስራቅ ናይጄሪያ ነው፣ በ1966 መጨረሻ ላይ ዶክተር ዊሊያም ፌጊ ወረርሽኝ ገጠማቸው፣ ያላቸው ክትባት ደግሞ ለሁሉም የማይበቃ ነበር። አካባቢው ላይ ራዲዮ ያላቸውን ሚሽነሪዎች በመገናኛው ጠርተው እስቲ በየመንደራችሁ ሰው ላኩና ፈንጣጣ ያለበትን ንገሩኝ አሏቸው፣ መረጃው ሲመጣ ካርታ ላይ ምልክት አደረጉ፣ ከዛ በሽተኛው ያለበትን ቤትና ጎረቤቱን፣ ቀጥሎም በሽታው ሊሄድባቸው የሚችሉትን ገበያዎች ብቻ ከተቡ። ወረርሽኙ ሕዝቡ በሙሉ ሳይከተብ ቆመ። ሄንደርሰን ይሄን አሰራር ይዘው የዓለሙ ዘመቻ ስልት አደረጉት፣ ኬዙን (በሽተኛውን) ፈልግ፣ ዙሪያውን ክተብ፣ ሰንሰለቱን ቁረጥ። የበሽታው ጠባይም ይረዳል፣ ፈንጣጣ ከሰው ወደ ሰው ብቻ ነው የሚሄደው፣ እንስሳ ውስጥ አይደበቅም፣ ሽፍታው ደግሞ ፊት ላይ ስለሚወጣ ማንም ያየዋል።

መከተቢያው መሳሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቀላል መሳሪያ ምን ያህል ስራ እንደሚሰራ ያሳያል። መርፌዋ ጣት የምታክል የብረት ዘንግ ናት፣ ጫፏ ላይ ሁለት ጥርስ አላት፣ ክትባቱ ውስጥ ነከር ሲያደርጓት በሁለቱ ጥርሶች መሀል አንዲት ጠብታ ተይዛ ትወጣለች፣ ያቺ ጠብታ በትክክል ለአንድ ሰው የምትበቃ ናት። ክንዱ ላይ ቀጥ አድርጎ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ መውጋት ነው፣ ደም ትንሽ ብልጭ ማለት አለበት፣ ካላለ አልያዘም። ከሳምንት በኋላ ቦታው ላይ እብጠት ከወጣ ክትባቱ ሰርቷል። በድሮው ዘዴ ለአንድ ሰው የሚሆነው ክትባት በዚህች መርፌ ለአራት ሰው ይደርሳል፣ አጠቃቀሟን ደግሞ ማንበብ የማይችል የገጠር ሰው እንኳን በደቂቃዎች ይማረዋል። ክትባቱም ደርቆ በዱቄት መልክ የሚመጣ ስለሆነ እንደ ዛሬዎቹ አይደለም፣ ማቀዝቀዣ ባይከተለውም ቶሎ አይበላሽም፣ በበቅሎ ጭኖ ቀናት መሄድ ይቻላል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ልምጣ። በስድሳዎቹ መጨረሻ ሌላው ዓለም ዘመቻውን ሲጀምር እኛ አልጀመርንም፣ ምክንያቱም ያኔ የጤና ጥበቃ ዋናው ስራ ወባ ማጥፋት ነበር፣ ገንዘብም ሰውም እዛ ላይ ነው ያለው። ውሳኔው ለሰሙት ሰዎች የሚያሳምን ነበር፣ ምክንያቱም በየዓመቱ በይፋ የሚመዘገበው የፈንጣጣ በሽተኛ በመቶዎች ብቻ ነው፣ ለዚህ ብሎ ማን ትልቅ ፕሮግራም ይከፍታል? ሄንደርሰን ግን ቁጥሩን አላመኑትም፣ ለረጅም ጊዜ ወተወቱና ፕሮግራሙ በጃንዋሪ 1971 ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የተመዘገበው ኬዝ ከ26,000 በላይ ሆነ! በሽታው በአንድ ዓመት አልባሰም እኮ፣ ፈላጊ ሰው ነው የተላከው። ዛሬም ወረዳ ላይ ሪፖርት ሲጨምር ኃላፊ የሚቆጣበት ሁኔታ አለ፣ ወረርሽኝ አስነሳችሁ የሚባልም አለ፣ ባለሙያው ደግሞ ይሄን ሲያይ ቀስ ብሎ ዝም ማለት ይለምዳል። እዚህ ጋር አጥብቄ የምለው ነገር ይሄ ነው፣ የሰርቬይላንስ ስራ ሲጀመር ቁጥር ካልጨመረ ስራው አልተጀመረም ማለት ነው።

ስራው በምን ዓይነት ሀገር ላይ እንደነበር ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። ሕዝቡ ወደ 25 ሚሊዮን ነው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መኪና ከሚደርስበት መንገድ የአንድ ቀን እግር መንገድና ከዛ በላይ ርቆ ነው የሚኖረው። ቲሞቹ የኢትዮጵያ ድሬሰሮች (ጤና ረዳቶች) እና ሳኒታሪያኖች (የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች)፣ የአሜሪካ ፒስ ኮር ልጆች፣ ጃፓኖችና ኦስትሪያውያን በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፣ የመስኩን ስራ ከሚመሩት አንዱ ብራዚላዊው ዶክተር ሲሮ ደ ኳድሮስ ናቸው፣ በኋላ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ፖሊዮን በማጥፋት ስማቸው የገነነው። ቲሙ መሬቱን በእግርና በበቅሎ ይወጣል፣ ገበያ ላይ በፈንጣጣ የታመመ ልጅ ፎቶ ያለበትን ካርድ እያሳየ እንዲህ ያለ ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ትምህርት ቤት ካለ ተማሪዎቹን ይጠይቃል፣ ተማሪ ስለ መንደሩ አይደብቅም። በመንደሩ አንድ ኬዝ ከተገኘ እዛው አድረው ጎረቤቱን በሙሉ ይከትባሉ።

ሕዝቡ ሁሉ እልል ብሎ አልተቀበላቸውም፣ በተለይ ደጋው ላይ እምቢታው ጠንካራ ነበር፣ እምቢታውም ምክንያት ነበረው። እኛ ሀገር የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነው፣ ከመቶ በሽተኛ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው የሚገድለው፣ የእስያው ግን ከመቶ እስከ 30 ይገድል ነበር። ስለዚህ ሰው በወባና በተስቦ እያለቀ ለፈንጣጣ ብሎ የማያውቀውን ሰው ክንዱን አይሰጥም። በዛ ላይ ሕዝቡ የራሱ ክትባት ነበረው፣ ቀለል ብሎ ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ ጤነኛውን ልጅ ቆዳ ጫር አድርጎ መቀባት ለብዙ ትውልድ የኖረ ጥበብ ነው፣ ያውቃሉ የተባሉ ሰዎች ይሄን ይሰሩ ነበር። ጥበቡ ሰውየውን ይጠብቀዋል፣ ግን በሕይወት ያለ ፈንጣጣ ስለሆነ አዲስ ሰንሰለት ያስነሳል። ቲሞቹ ስራው የሰመረላቸው ካህኑን፣ ባላባቱን፣ የመንደር ሽማግሌውን አስቀድመው ያነጋገሩበት ቦታ ላይ ነው፣ መሪው ክንዱን ዘርግቶ መጀመሪያ ሲከተብ ሌላው ይከተላል፣ ካልሆነ ግን ውሻ እየለቀቁ የመለሷቸው መንደር ብዙ ነው።

1974 ላይ ደግሞ አብዮቱ መጣ፣ ጠቅላይ ግዛቶቹ ተናወጡ፣ ከውጭ የመጡት በጎ ፈቃደኞች እየቀነሱ ሄዱ፣ የፊልዱን ስራ ተሸክመው የቀጠሉት ኢትዮጵያውያኑ ናቸው። ሄሊኮፕተርም መጣ፣ መንገድ ለሌለው አምባ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ጥይትም አመጣ፣ አንዱ ሄሊኮፕተር ተይዞ ማስለቀቂያ ገንዘብ የተጠየቀበት ጊዜ ነበር፣ አብራሪው ታግቶ ባለበት ቦታ አብሮት የነበረውን ክትባት አውጥቶ ያገቱትን ሰዎች ይከትብ እንደነበር ሄንደርሰን ይተርኩ ነበር። በ1975 መጨረሻ እስያ ከፈንጣጣ ነጻ ስትሆን በዓለም ላይ ፈንጣጣ እንዳለባት የምትታወቀው ሀገር ኢትዮጵያ ብቻ ሆነች። ከዛ ስራው ወደ ኦጋዴን ዞረ፣ እዛ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፣ አርብቶ አደሩ ዛሬ የተመዘገበበት ቦታ ነገ የለም፣ ስለዚህ በሽተኛውን ተከትሎ የሚሄድ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ የውሃ ጉድጓዱን የሚያውቅ ሰው ከዛው አካባቢ ተቀጠረ። የመጨረሻዋ የኢትዮጵያ ኬዝ ባሌ ኤልከሬ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች የ3 ዓመት ልጅ ናት፣ ኦገስት 9 ቀን 1976፣ በኛ ነሐሴ 3 ቀን 1968።

የሄንደርሰን ስም በየመድረኩ ይነሳል፣ ይገባቸዋልም፣ ግን እነዛን ድሬሰሮች የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፣ አብዛኞቹ አሁን በሕይወት የሉም። በሕይወት ያሉትን ፈልጎ ቃላቸውን የሚቀዳ ተቋም ቢኖር እኔ በግሌ ደስ ይለኛል፣ የኛ ሀገር የዝግጁነት ዕውቀት መጀመሪያው እነሱ ጋ ነው ያለው።

በሽታው ግን ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ገብቷል፣ በ1977 እዛ ከ3,200 በላይ ኬዝ ተመዘገበ። የመጨረሻው በተፈጥሮ መንገድ የተያዘ ሰው የመርካ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ አሊ ማው ማሊን ነው። ሁለት የታመሙ ልጆች በመኪና ሲመጡ ሹፌሩ መንገድ ጠፋበት፣ አሊ መኪናው ውስጥ ገብቶ አሳየው፣ አብሯቸው የተጓዘው ለደቂቃዎች ነው፣ በኦክቶበር መጨረሻ ሽፍታው ወጣበት። ልብ በሉ፣ ሰውየው የሆስፒታል ሰራተኛ ሆኖ በደንብ አልተከተበም ነበር፣ መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ጉድፍ ነው ተባለ። ሲታወቅ 161 ኮንታክቶቹ (ከሱ ጋር የተገናኙ ሰዎች) ተለቅመው ክትትል ተደረገባቸው፣ ከ54,000 በላይ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከተበ፣ ሌላ ኬዝ አልመጣም። አሊ በኋላ ለፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ሲሰራ ኖረ፣ በ2013 በዚሁ ስራ ላይ እያለ በወባ ሞተ። የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ጠፍቷል ብሎ ያወጀው ሜይ 8 ቀን 1980 ነው።

ሄንደርሰን ከ1977 እስከ 1990 የጆንስ ሆፕኪንስ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ዲን ነበሩ፣ ከዛ በዋሽንግተን የመንግስት ስራ ላይ ቆዩ፣ እነዚህን ዓመታት ልዝለላቸው። በዘጠናዎቹ ሶቪየት ኅብረት ፈንጣጣን ለጦር መሳሪያነት በብዛት ታመርት እንደነበር ከዛ ስራ ያመለጡ ሳይንቲስት ሲያጋልጡ ለሄንደርሰን ትልቅ ድንጋጤ ነበር፣ የሶቪየት ሳይንቲስቶች እኮ በዘመቻው አብረዋቸው ደክመዋል፣ የሶቪየት መንግስትም እጅግ ብዙ ክትባት ለግሷል። በ1998 ሆፕኪንስ ውስጥ የባዮሎጂ ጥቃት መከላከያ ማዕከል ከፈቱ። በጁን 2001 ማዕከላቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ የፈንጣጣ ጥቃት ደረሰ ተብሎ የሚጫወቱት ልምምድ አዘጋጀ፣ የቀድሞ ባለስልጣናት ተቀምጠው ውሳኔ ይሰጣሉ፣ ክትባቱ ቶሎ አለቀ፣ ክልሎችና ፌዴራል ተጣሉ፣ በሽታው እየቀደማቸው ሄደ።

ከሦስት ወር በኋላ የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት መጣ፣ ተከትሎ በፖስታ ውስጥ የተላከው አንትራክስ (የአባ ሰንጋ ጀርም)። 22 ሰው ታመመ፣ 5 ሞተ። የጤና ሚኒስትሩ የ73 ዓመቱን ሄንደርሰንን ጠሯቸው፣ አዲስ የተቋቋመውን የሕብረተሰብ ጤና ዝግጁነት ቢሮ ምሩ አሏቸው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የዋሽንግተኑን የፖስታ ማደራጃ ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ደብዳቤው የተከፈተበት የሴኔት ቢሮ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ወዲያው መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ደብዳቤው ያለፈበት ማደራጃ ሰራተኞች ግን የታሸገ ፖስታ ዱቄት አያስወጣም ተብሎ ስራቸውን ቀጠሉ፣ በቀናት ውስጥ ከነሱ ሁለቱ ሞቱ። ያን ሰሞን ዲሲ የነበሩ ወገኖቻችን ደብዳቤ ለመክፈት ስንፈራ ነበር ይላሉ። እኔ ይሄን ከኦጋዴን ለይቼ አላየውም፣ የሰንሰለቱን መንገድ ያልተከተለ ቲም ታች ያለውን ሰራተኛ ነው የሚዘነጋው።

ሄንደርሰን ቢሮው ሲገቡ የሀገሪቱ የፈንጣጣ ክትባት ክምችት ወደ 15 ሚሊዮን ዶዝ ብቻ ነው፣ ያውም ያረጀ። ክትባቱ አምስት እጥፍ ቢቀጠንም እንደሚሰራ በጥናት ተረጋገጠ፣ ከ200 ሚሊዮን ዶዝ በላይ አዲስ ታዘዘ። ከዚህ የበለጠ የምቆጥርላቸው ግን በ2002 ለየክልሉ ጤና ቢሮ የወረደውን ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ገንዘብ ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ብዙ የአካባቢ ጤና ቢሮዎች ከስራ ሰዓት ውጪ ስልክ የሚያነሳ ሰው፣ ደህና ኢንተርኔት፣ በቂ ኤፒዲሚዮሎጂስት አልነበራቸውም፣ ሀብታም ሀገር ሆኖ እንኳን። የገንዘቡ መጠን በኋላ ዓመት በዓመት እየቀነሰ ሄደ፣ ኮቪድ ሲመጣ ጉድለቱ ታየ።

ሁሉም ነገር ተሳካ ማለት አይደለም። በ2002 መጨረሻ መንግስት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ የጤና ሰራተኞችን አስቀድሞ በፈንጣጣ ክትባት ልከትብ ብሎ አወጀ፣ የተከተበው ከ40,000 በታች ነው። ክትባቱ ጥቂት ሰዎች ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት አመጣ፣ የጉዳት ካሳ ሕጉ ሳይወጣ ስራው ተጀመረ፣ ነርሶቹም በሽታው በሌለበት ለምን እንከተባለን ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው የጎጃም ገበሬ ጥያቄ ነው፣ እኔ ለሁለቱም እፈርድላቸዋለሁ፣ ሰው አደጋውን ሳያይና ቢጎዳ ማን እንደሚደርስለት ሳያውቅ ክንዱን አይሰጥም።

እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ኦገስት 2016 በ87 ዓመታቸው፣ አንድ አቋም አልለወጡም፣ አትላንታና ሩሲያ ኮልትሶቮ ውስጥ በሁለት ላቦራቶሪ የተቀመጠው የፈንጣጣ ቫይረስ ይጥፋ የሚል። የሚቃወሟቸው ሳይንቲስቶች አዲስ ክትባትና መድኃኒት ለመሞከር ያስፈልገናል ይላሉ፣ በ2018 ደግሞ የካናዳ ተመራማሪዎች ዘመዱን የፈረስ ፈንጣጣ ቫይረስ ከተገዛ ዲኤንኤ ገጣጥመው መስራታቸውን አሳተሙ፣ ስለዚህ ናሙናውን ማጥፋት ብቻውን ዋስትና አይሆንም የሚለው ክርክር በረታ። ክርክሩ ይገባኛል፣ ግን እኔ ከሄንደርሰን ጋር ነኝ። የመጨረሻው የፈንጣጣ ሟች በ1978 እንግሊዝ በርሚንግሃም ውስጥ ከላቦራቶሪ በወጣ ቫይረስ ነው የሞተችው። ጉባኤው እስካሁን የማጥፊያ ቀን አልቆረጠም፣ ቫይረሱም እዛው ሁለቱ ቦታ አለ።